በጥላ ዛፍ ግንድ ላይ ስለሚበቅለው ኦርኪድ፤ እንግዳ ነው ወይስ ሌባ?

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በሸካና እነዚህን በመሳሰሉት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደናማ አገሮች ቡና ለሚያለሙ ገበሬዎችና አብረዋቸው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ነው። የትምህርቱ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም በጥላ ዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ የሚያብበው ኦርኪድ የተባለው የዱር ተክል ዛፉን የማይመጠምጥ መሆኑን ማስረዳት፣ ዛፉን በእውነት ከሚመጠምጠው ከተቀጽላም ለይቶ ለማወቅ የሚረዱትን ምልክቶች ማሳየት ነው።

1ኛ/ ትምህርቱ ስለምን አስፈለገ?

የቡና ለቀማ ከመድረሱ በፊት ገበሬው ማሳውን ይመነጥራል። ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ከቆረጠ በኋላም ዐይኑን ወደ ጥላው ዛፍ ያነሣል። በዋንዛው፣ በሰሳው፣ በብሳናው ወይም በቀረሮው ግንድ ላይ ያልተከለው ቅጠል በቅሎ፣ ነጫጭ ሥር እንደ ገመድ ተጋድሞ ያገኛል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ይህ ነገር ዛፌን እየበላ ነው» ብሎ በገጀራ ይፍቀዋል።

ይህን የሚያደርገው ለዛፉ አስቦ ስለ ሆነ አሳቡ አይነቀፍም። ነገር ግን ሥራው ሦስት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ምንም ያልበደለውንና ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀውን ተክል ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ገጀራው የዛፉን ቅርፊት ስለሚያቆስለው ለነቀዝና ለብስባሽ በር ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ገበሬው ለማይጠቅም ሥራ ጉልበቱን ያባክናል፤ ከፍ ወዳለው ቅርንጫፍ ሲወጣም ለመውደቅ አደጋ ይጋለጣል።

በአንጻሩ ደግሞ ሌላው ገበሬ በዛፉ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ ምንም አይደለም ብሎ ስለሚተወው ተቀጽላ ጥላውን ዛፍና ቡናውን እያደረቀ ይስፋፋበታል። የሁለቱም ችግር መነሻው ሳይለዩ መፍረድ ነው። በስንዴ ማሳ ውስጥ እንክርዳዱን ከስንዴው ለይቶ የሚያርም ገበሬ፣ በዛፉ ላይ ያለውንም እንዲሁ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

2ኛ/ ኦርኪድ ምን ዐይነት ተክል ነው?

ኦርኪድ የአንድ ተክል ስም ብቻ አይደለም፤ የአንድ ትልቅ የዕፅዋት ቤተሰብ መጠሪያ ነው። በዓለም ላይ ከ25,000 የሚበልጡ ዐይነቶች እንዳሉት የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። በአገራችንም ከ150 የሚበልጡ የኦርኪድ ዐይነቶች ይገኛሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ እንደ ማናቸውም ሣር በመሬት ላይ የሚበቅሉ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን መሬት ሳይነኩ በዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ኖረው በዚያው አብበው ዘራቸውን የሚበትኑ ናቸው። ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለነዚህ ስለኋለኞቹ ነው።

በዛፍ ላይ ከሚኖሩት ውስጥ በቀላሉ የሚታወቀው ሊቃውንት ኤራንጊስ የሚሉት ወገን ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ኮከብ ይመስላል፤ በስተኋላውም እንደ ጅራት የተንጠለጠለ ቀጭን ቱቦ አለው። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ በተባለው ዐይነት ይህ ቱቦ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ትንሽ ዐይነት ደግሞ አበባው ነጣ ብሎ መካከሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው።

ፖሊስታኪያ የሚባለው ሌላው ወገን ነው። አበባዎቹ ጥቃቅን ሆነው በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ሆነው ይወጣሉ። ከብዙዎቹ ዐይነቶች ቅጠል ሥር እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያበጠ ግንድ ይታያል፤ በዚያ ውስጥ ለበጋ የሚሆነውን ውሃና ምግብ ያከማቻል።

ማይክሮኮሊያ የተባለው ወገን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ተክል የሚሠራ ቅጠል የለውም። የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ የሥር ክምር ብቻ ነው። ለማያውቀው ሰው የደረቀ ሥር ወይም የወፍ ጎጆ ትራፊ ይመስለዋል። ሆኖም ያ ሥር ራሱ አረንጓዴ ስለ ሆነ የቅጠልን ሥራ ይሠራል፤ ጊዜው ሲደርስም ከዚያው ከሥሩ መካከል ጥቃቅን አበቦች ያወጣል። እንግዲህ በዛፍ ላይ የደረቀ የሚመስል ሥር ስታዩ ሞቷል ብላችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ።

3ኛ/ ውሃውንና ምግቡን ከየት ያገኛል?

በዛፍ ላይ የሚኖረው ኦርኪድ ሥሩን ወደ ዛፉ ሥጋ አያስገባም። ሥሩ የሚይዘው የቅርፊቱን ላይኛ ገጽ ብቻ ነው። ይህም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቅርጫት ግድግዳውን እንደማይበላው ያለ ነው። ዛፉ ለኦርኪዱ የሚሰጠው መቆሚያ ስፍራና ብርሃን የሚያገኝበትን ከፍታ ነው።

የኦርኪዱ ሥር በነጭ ስፖንጅ መሰል ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ ሲደርቅ አየር ስለሚሞላው ነጭ ሆኖ ይታያል። ዝናብ ሲነካው ግን ውሃውን ፈጥኖ ይመጥጣል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው አረንጓዴ ቀለም ይገለጣል። ይህን በገዛ ዐይናችሁ ለማረጋገጥ ብትፈልጉ በበጋ ወራት በደረቀው ነጭ ሥር ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበትና ትንሽ ቆይታችሁ ተመልከቱ። ነጩ ሥር ወደ አረንጓዴነት ሲለወጥ ታያላችሁ። ውሃውን የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጉምና ከጤዛ እንጂ ከዛፉ አለመሆኑን ከዚህ ትረዳላችሁ።

ምግቡንም እንደ ሌሎቹ አረንጓዴ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ከአየርና ከውሃ ራሱ ያዘጋጃል። ጨዋማ የሆነውን የማዳበሪያ ምግብ የሚያገኘው ደግሞ ከቅጠል ላይ ታጥቦ ከሚወርደው የዝናብ ውሃ፣ ከአቧራና በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሞ ከበሰበሰው ቅጠል ነው። ወፍራም ቅጠል ያላቸው ብዙዎቹ ዐይነቶች በቀን ፀሐይ ውሃቸው እንዳይተንን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ይውላሉ፤ አየር የሚስቡትም ሌሊት ነው። ዝናብ በሌለበት ወር ሳይደርቁ መቆየታቸው በዚህ ጥበብ ነው።

4ኛ/ ከተቀጽላ እንዴት ይለያል?

ተቀጽላ ሥር መሰል መምጠጫውን በቅርንጫፉ ቅርፊት ውስጥ ሰንጥቆ እስከ እንጨቱ ድረስ ያስገባል። ዛፉ ከመሬት የሳበውን ውሃና ጨው በመንገድ ላይ እየቀማ ይጠጣል። ቅርንጫፉም ከተቀጽላው ወዲያ ያለው ክፍል እየቀጨጨ ሄዶ ይደርቃል። ተቀጽላው ከበዛ ዛፉ በሙሉ ይዳከማል። ዘሩ የሚሰራጨው በወፎች ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው የሚያጣብቀውን ዘር በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚተዉት በዚያው ይበቅላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚከተሉትን አምስት ምልክቶች ተመልከቱ።

ሀ/ ሥሩን ተመልከቱ። ኦርኪድ ነጭ ወይም አረንጓዴ የሆነ ሥሩ በቅርፊቱ ላይ ተጋድሞ በግልጥ ይታያል፤ አንዳንዱም በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ተቀጽላ ግን ከቅርንጫፉ ውስጥ የበቀለ ይመስላል፤ የተያያዘበትም ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አብጦ እንደ እባጭ ሆኖ ይገኛል።

ለ/ ግንዱን ተመልከቱ። ተቀጽላ እንጨትነት ያለው ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደ ቁጥቋጦ ይሰፋል። ኦርኪድ እንጨት የለውም፤ ለስላሳ ተክል ነው።

ሐ/ የቆመበትን ስፍራ ተመልከቱ። ተቀጽላ ብዙውን ጊዜ ብርሃን በሚያገኝበት በቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። ኦርኪድ ግን በወፍራሙ ግንድና በትልልቁ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ፣ የዛፍ ሽበት በለበሰው እርጥብ ቅርፊት ላይ መኖር ይወዳል።

መ/ ቅርንጫፉን ተመልከቱ። ተቀጽላ የያዘው ቅርንጫፍ ጫፉ ይቀጭጫል። ኦርኪድ የያዘው ቅርንጫፍ ግን ከአጠገቡ ካለው ቅርንጫፍ የተለየ ድካም አይታይበትም።

ሠ/ የሞተውን ቅርንጫፍ ተመልከቱ። ይህ ከሁሉ የበለጠ እርግጠኛ ምልክት ነው። ቅርንጫፍ ሲደርቅ በላዩ ያለው ተቀጽላ የሚጠጣው ውሃ ስለሚያጣ አብሮ ይደርቃል። ኦርኪድ ግን በደረቀው ቅርንጫፍ ላይ እንኳ ቅርፊቱ ረግፎ እስኪወድቅ ድረስ በሕይወት ይቆያል። ከዛፉ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ዛፉ ከሞተ በኋላ ሊኖር አይችልም ነበር።

ተቀጽላ መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ፍሬ ከማፍራቱ በፊት አጥፉት። ቅጠሉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም፤ በእንጨቱ ውስጥ ከቀረው መምጠጫ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ቅርንጫፉን ራሱን፣ ተቀጽላው ከተያያዘበት ቦታ ወደ ግንዱ በኩል አንድ ክንድ ያህል ገባ ብላችሁ በስለታም መጋዝ ቁረጡ። በቡና ዛፍ ላይ ሲወጣም ሥራው ይኸው ነው።

ሦስተኛ ዐይነት እንግዳም እንዳለ ማወቅ ይገባል። ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዛፎች ዘራቸው በወፍ ተወስዶ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ይበቅላል። እነዚህ ዛፉን ባይመጠምጡትም፣ ሥራቸውን እስከ መሬት ከሰደዱ በኋላ ግንዱን አቅፈው በማነቅ በመጨረሻ ይገድሉታል። ስለዚህ በጥላ ዛፋችሁ ላይ እንጨትነት ያለው የዛፍ ችግኝ በቅሎ ብታገኙ ገና ትንሽ ሳለ ንቀሉት።

5ኛ/ ስለ አበባውና ስለ ዘሩ

የኤራንጊስ አበባ ነጭ የሆነውና መዓዛው ሌሊት የሚያይለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን አበባ የሚያዳቅለው ቀን የሚበር ንብ ሳይሆን ከእሳት እራት ወገን የሆነ ረጅም ምላስ ያለው ትልቅ የሌሊት ቢራቢሮ ነው። ነጩ ቀለም በጨለማ ይታየዋል፤ መዓዛውም ከሩቅ ይጠራዋል። ጣፋጩ ፈሳሽ የሚገኘው በረጅሙ ቱቦ ጫፍ ስለ ሆነ፣ ቢራቢሮው ምላሱን ወደ ቱቦው ሲሰድ የአበባው ዱቄት ይጣበቅበትና ወደ ሌላው አበባ ይወስደዋል።

ቻርልስ ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ በማዳጋስካር ደሴት የሚበቅል አንድ ኦርኪድ ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን አይቶ፣ በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በዚያ ደሴት ይህን ያህል ምላስ ያለው የሌሊት ቢራቢሮ ሊኖር ይገባል ብሎ ጻፈ። ቢራቢሮው በሊቃውንት ተገኝቶ ስም የተሰጠው በ1903 እ.ኤ.አ. ዳርዊን ከሞተ በኋላ ነው። አበባውና ቢራቢሮው እንደ ቁልፍና እንደ መቆለፊያ የተስማሙ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ከጠፋ የሌላው ኑሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አበባው ከተዳቀለ በኋላ የሚያፈራው ፍሬ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ብዙ ሺህ ዘር ይበትናል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለ ሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ነገር ግን የጤፍ ወይም የስንዴ ዘር ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ በውስጡ ሲይዝ፣ የኦርኪድ ዘር ምንም ስንቅ የለውም። ስለዚህ ሊበቅል የሚችለው ፈንገስ የተባለው፣ ከሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ሕያው በሚኖርበት እርጥብ ቅርፊት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ፈንገሱ ለቡቃያው ምግብ ያቀርብለታል። ከብዙ ሺህ ዘር መካከል ይህን ዕድል የሚያገኙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የበቀለውም ቢሆን ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

በአንድ ጠዋት በገጀራ የሚፋቀው ተክል ስንት ክረምት እንደ ፈጀ ከዚህ መገመት ይቻላል። ቡና ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የተፋቀ ኦርኪድ ግን በቦታው ሌላ እስኪተካ ድረስ ረጅም ዘመን ያልፋል።

6ኛ/ በቡና ጫካ ውስጥ የሚደርስበት ጉዳት

የኢትዮጵያና የቤልጂግ ተመራማሪዎች የደቡብ ምዕራብን እርጥብ ደኖች መርምረው በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ደኑ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች መከፋፈሉም ሆነ በውስጡ የሚካሄደው የቡና ልማት በዛፍ ላይ የሚኖሩትን ኦርኪዶች ዐይነት እንደሚቀንስ ገልጠዋል። ይህ የሚሆነው ስለምን እንደ ሆነ ለገበሬ ማስረዳት ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ ቡና ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ ብዙ ዛፍ ሲቆረጥ ለኦርኪዱ ማረፊያ የሚሆነው ግንድ ያንሳል። በተለይ ያረጀና ወፍራም የሆነው ዛፍ ሰፊና ሻካራ ቅርፊት ስላለው፣ ለብዙ ዘመንም ስለ ቆመ፣ ከወጣቱ ዛፍ ይልቅ ብዙ ኦርኪድ ይሸከማል። አሮጌውን ዛፍ ቆርጦ በምትኩ ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ችግኙ የአሮጌውን ዛፍ ቦታ የሚይዘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ የዛፎቹ ጥላ ሲሳሳ ነፋስና ፀሐይ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ የጫካው እርጥበት ይቀንሳል። በቅርፊቱ ላይ ያለው ሽበት ይደርቃል፤ አቧራ መሰሉ ዘርም የሚበቅልበት እርጥብ ስፍራ ያጣል።

ሦስተኛ፣ ከላይ እንደ ተነገረው በገጀራ መፋቅ አለ።

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሌላ ጥናት፣ በቤት ዙሪያ ያለ የጓሮ ቡና ከነጥላ ዛፉ ሲጠበቅ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ብዙ የደን ዕፅዋትን ሊያቆይ እንደሚችል አሳይቷል። እንግዲህ የገበሬው ጓሮ ራሱ ለነዚህ ዕፅዋት መጠጊያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጓሮው ግን ደኑን አይተካም። አንዳንዶቹ ዐይነቶች ካልተነካው ደን በቀር መኖር የማይሆንላቸው ስለ ሆኑ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በከፋና በያዩ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ በሸካም በ2012 እ.ኤ.አ. ያሉት ደኖች በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዩኔስኮ ዘንድ በሕያዋን ጥብቅ ክልልነት ተመዝግበዋል። የደኑ ክብር የተመሠረተው በቡናው ብቻ ሳይሆን በዛፎቹ ላይ በሚኖሩት ጥቃቅን ዕፅዋትም ጭምር ነው።

7ኛ/ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

ጠቃሚነቱን ስንናገር ከእውነት ማለፍ አይገባም። ኦርኪድ በዛፍ ላይ ስላለ የቡናው ምርት አይጨምርም። ለገበያም የሚቀርብ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የገባችበት፣ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት የኦርኪድን ቤተሰብ በሙሉ ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የአገሪቱን የብዝሀ ሕይወት ሀብትና የማኅበረሰቡን እውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ስለዚህ ማንም መንገደኛ መጥቶ ከጫካችሁ ኦርኪድ እየነቀላችሁ እንድትሸጡለት ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉት፤ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ አስታውቁ።

ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው። ኦርኪድ የጫካው እርጥበትና ጥላ እንዳልጠፋ የሚያሳይ ምልክት ነው። አሮጌው ዛፍ፣ እርጥቡ ቅርፊትና ጥላው ባሉበት ኦርኪዱ ይኖራል፤ እነዚሁ ነገሮች የጫካ ቡናንም ከነፋስና ከድርቅ ይጠብቁታል። ኦርኪዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ሲሄድ ካያችሁ ጥላው ከልክ በላይ መሳሳቱን መርምሩ። ያለ ገንዘብ የተገኘ መመርመሪያ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም በላይ፣ የዐረቢካ ቡና መነሻ የሆነውን ደን ከነሙሉ ሀብቱ ለልጅ ማውረስ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። አባቶቻችን ጫካውን ሳያጠፉ ቡናውን ለቅመው አውርሰውናል።

8ኛ/ ምን ማድረግ ይገባል?

1. በጥላ ዛፍ ግንድ ላይ ያለውን ኦርኪድ፣ ሽበትና ለስላሳ ቅጠል አትፋቁ። ከመቁረጣችሁ በፊት በ4ኛው ክፍል የተነገሩትን ምልክቶች ተመልከቱ።

2. በማሳችሁ ውስጥ ካሉት አሮጌና ወፍራም ዛፎች ጥቂቶቹን ለይታችሁ ሳይቆረጡ እንዲቆዩ አድርጉ። የአገር ዛፍ የሆኑትን ዋንዛንና ሰሳን የመሳሰሉትን ምረጡ። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው ስለሚጥል ለኦርኪድ ማረፊያ አይሆንም፤ ለቡናም ጥላነት አይመከርም።

3. ጥላ ማሳሳት ሲያስፈልግ በአንድ ዓመት ሁሉንም አትቁረጡ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ የሚቆረጠውን በሚተካ ችግኝ አስቀድማችሁ ትከሉ።

4. ያረጀ ቅርንጫፍ ብዙ ተክል ተሸክሞ ሊሰበር የደረሰ እንደ ሆነና ከሥሩ ሰው የሚያልፍ ወይም ቡና ያለ እንደ ሆነ፣ ቅርንጫፉን መቁረጥ ይፈቀዳል። በላዩ ያለውን ኦርኪድ ግን አዛውሩት።

5. ዛፍ ሲወድቅ ወይም ያረጀ ቡና ሲጎነደል በላዩ ያለውን ኦርኪድ ከመሬት ላይ አትተዉት፤ በመሬት ላይ ይበሰብሳል። አዛወሩም እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ኦርኪዱን በኀይል አትንቀሉት። ሥሩ እንዳይበጣጠስ የተጣበቀበትን የወደቀ ዛፍ ቅርፊት አብራችሁ በቢላዋ ቁረጡና አንሡት።

ለ/ ቀድሞ የነበረበትን የሚመስል ጥላና ከፍታ ያለው፣ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ የቆመ ዛፍ ምረጡ።

ሐ/ ሥሩን ከቅርፊቱ ጋራ አገናኝታችሁ በቃጫ ወይም በአሮጌ ጨርቅ እራፊ እሰሩት። ሽቦ ዛፉን ስለሚቆርጠው አትጠቀሙበት።

መ/ በሥሩ ላይ አፈር ወይም ፍግ አትለጥፉ። ሥሩ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል።

ሠ/ የሚሻለው ጊዜ የዝናቡ ወራት መግቢያ ነው። ዝናብ ከዘገየ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ውሃ እርጩበት። አዲስ ሥር አውጥቶ ቅርፊቱን ከያዘ በኋላ ማሰሪያውን መፍታት ይቻላል።

6. በቆመ ዛፍ ላይ በሰላም የሚኖረውን ኦርኪድ ግን ወደ ቤት ለማምጣት ብላችሁ አታንሡት። ማዛወር የሚገባው ካልተነሣ የሚሞተውን ብቻ ነው።

9ኛ/ ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ምክር

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከማስተማር ይልቅ በዛፍ ሥር ቆሞ ማሳየት ይበልጣል። ገበሬዎችን ሰብስባችሁ ወደ አንድ የቡና ማሳ ሂዱ። ተቀጽላ ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ አስቆርጣችሁ መምጠጫው እንጨቱ ውስጥ እንደ ገባ በመጋዝ ሰንጥቃችሁ አሳዩ። ከዚያም የኦርኪድ ሥር በቅርፊቱ ላይ ብቻ እንደ ተጋደመ አሳዩና በደረቀው ሥር ላይ ውሃ አፍስሱበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም።

ሽማግሌዎችንና እናቶችን የእያንዳንዱን ተክል የአገር ስም ጠይቃችሁ በመዝገባችሁ ጻፉ። በየቋንቋው ያለው ስምና እውቀት ሳይጻፍ ቢቀር ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና።

ፈቃደኛ በሆኑ ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ጥቂት ዛፎችን ምልክት አድርጋችሁ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር በግንዱ ላይ ያሉትን ኦርኪዶች ቁጠሩ። ቁጥሩን ከጥላው ሁኔታ ጋራ መዝግቡ። ጥቂት ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ ለቀበሌው መሬት አያያዝ ጥሩ ምስክር ይሆናል።

10ኛ/ የትምህርቱ ማጠቃለያ

ኦርኪድ በዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይበላም። ውሃውን ከዝናብና ከጤዛ፣ ምግቡን ከአየርና ከብርሃን ያገኛል። ተቀጽላ ግን መምጠጫውን በእንጨቱ ውስጥ ሰክቶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል። ኦርኪዱን መተው፣ ተቀጽላውን ከነቅርንጫፉ መቁረጥ ይገባል። ኦርኪድ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ዋናው ነገር አሮጌውን የጥላ ዛፍ ማቆየት ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማሳችሁ ካሉት ዛፎች ብዙ ኦርኪድ የያዘው የትኛው ነው? ዕድሜውስ ስንት ይሆናል?

2. በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ተክል በሕይወት ቢገኝ ምን ያስረዳል?

3. የተቀጽላን ቅጠል ብቻ መቁረጥ የማይበቃው ስለምንድን ነው?

4. የኦርኪድ ዘር እንደ ስንዴ ዘር በማናቸውም ስፍራ የማይበቅለው ስለምን ነው?

5. በሚመጣው ዓመት ጥላ ስታሳሱ የትኞቹን ዛፎች ትተዋላችሁ?

ገበሬዎች ሆይ! በሚቀጥለው ምንጠራ ገጀራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ግንዱ ጠጋ ብላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። እንጨቱን ሰንጥቆ ከገባ ቁረጡት፤ በቅርፊቱ ላይ ብቻ ከተጋደመ ተዉት። የምታደርጉትንም ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ነገ ማሳውን የሚመነጥሩት እነርሱ ናቸውና።